የእቴቴ ትሎች

ከጎመን ትል ጋር ጦርነት ገጥሜ አውቃለሁ ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! እነሱ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ አሰላ ላይ፣ በአባባ ወልደ ጊዮርጊስ ጓሮ የሆነውን አላዩ። ያ ጓሮ ዛሬ የባጃጅ ማጠቢያ ሆኗል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን አፍንጫዬን የሚመታኝ የሳሙናው ሽታ ሳይሆን የነጭ ሽንኩርት፣ የሚጥሚጣና የላም ሽንት ሽታ ነው። ኧረ ያ ሽታ! በስመ አብ! ሰው ያስነጥሳል፣ ውሻ ያባርራል፤ እኔን ግን እስከ ዛሬ ልቤን ያዘልለዋል።

እናቴ እኔን በወለደች በሳምንቷ አርፋለች። አባቴ ወታደር ነበር፤ ሐረር ነው ይሉኛል፣ እኔ ግን ሐረር ማለት ከጭላሎ ተራራ ጀርባ ያለች መንደር ትመስለኝ ነበር። ያደግኩት በእናቴ አባት በአባባ ወልደ ጊዮርጊስ ቤት ነው። ያሳደገችኝ ደግሞ የእናቴ ታናሽ እህት እታገኘሁ ናት። እኔ እቴቴ ነው የምላት። ረጅም፣ ቀይ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ የምትሸፍን፣ ስትቆጣ ግን ግቢውን የምታናውጥ ልጅ ነበረች። የምተኛው ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ፣ የምጎርሰው ከእጇ ነው። እቴቴ የሌለችበት ቤት ምን እንደሚመስል አስቤው አላውቅም ነበር።

ጓሮው ከቤቱ ጀርባ ጀምሮ ቁልቁል እስከ ጅረቷ ይወርዳል። እቴቴ ዳር ዳሩን ድንችና ሽንኩርት፣ መሐሉን በሙሉ ጥቅል ጎመን ተክላበታለች። ያኔ ጥቅል ጎመን እንደ ዛሬው በየገበያው የሚከመር አልነበረም፤ ሰው ሁሉ እየመጣ "እስቲ ያን የሚጠቀለለውን አሳይን" ይላት ነበር። በዚያ ዓመት መስቀል እንዳለፈ ግን ጉድ ፈላ። ቅጠሉ በአንድ ሳምንት ወንፊት ሆነ። አረንጓዴ ትል፣ ግራጫ ትል፣ ነካ ሲያደርጉት በቀጭን ክር ተንጠልጥሎ የሚወርድ ትል! ቅጠሉን ስትገለብጡት ደግሞ አመድ የተነሰነሰበት እስኪመስል ድረስ በጎመን ቅማል ተሸፍኗል። እቴቴ እጇን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ "ወይኔ ጎመኔን!" ብላ ጮኸች።

በዚያው ሰሞን የዲክሲስ ነገር መጣ። ዲክሲስ የሚኖር አንድ ባለጸጋ፣ ስንዴና ገብሱ ጎተራ የሞላ ሰው፣ እቴቴን ለልጁ ሊያጫት አስቦ መልእክት ልኮ ነበር። እቴቴ ልጁን በዓይኗ አይታው አታውቅም። "ጎመኑ ሳይደርስ የትም አልሄድም። ማን ይጠብቀዋል?" አለች። አባባም ለጊዜው ስቀው ተዉዋት። ቅጠሉ ወንፊት መሆኑን ያዩ ዕለት ግን ሳቁ አለቀ። እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ለጥፌያለሁ።

"ስሚኝ እታገኘሁ" አሉ። "ጎመኑ እስኪደርስ አልሽኝ፣ እሺ አልኩ። ትል ለሚበላው ጎመን ግን ማንንም አላስጠብቅም። እስከ ገና ካልዳነ አጥሩን አፍርሼ ፈረስ እለቅበታለሁ፤ አንቺም ዲክሲስ ትሄጃለሽ። ገባሽ?"

ለእሷ ይግባት አይግባት እንጃ፣ ለእኔ ግን ቁልጭ ብሎ ገባኝ። ትሉ ካሸነፈ እቴቴ ትወሰዳለች። እኛ ካሸነፍን እቴቴ ትቀራለች። ጎመኑ ቢበላም ትሄዳለች፣ ደርሶ ቢጠቀለልም ትሄዳለች የሚለው ነገር ወደ ጭንቅላቴ ዝር አላለም። ዛሬ ሳስበው ይደንቀኛል፤ እቴቴ ግን ይሄን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቀው ነበር።

በማግስቱ ብስክሌት የሚነዳ ሰው መጣ። አበጋዝ ይባላል፤ ከእርሻ ትምህርት ቤት የወጣ፣ አሰላ ከተመደበ ገና ዓመት ያልሞላው፣ ኮፍያ የሚያደርግ ወጣት ነው። እቴቴን የሚያውቃት ከገበያ ነው፤ ሽንኩርት ስትሸጥ ቆሞ ስለ አፈር ጠይቋት ያውቃል። ከብስክሌቱ ኋላ አንድ ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት አስሯል። አባባ ከሩቅ አዩትና ምርኩዛቸውን አነሱ።

"እሱን ነገር እዚያው!"

"ጌታዬ፣ የትል መድኃኒት ነው። አንድ ጊዜ ብንነሰንሰው…"

"ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ነሰነሰው። ትሉ ሞተ፣ የእኔም ንብ አብሮ ሞተ። ቀፎዎቼን በእጄ ነው የጠረግሁት። ንቤን የሚገድል ነገር ግቢዬን አይረግጥም!"

አበጋዝ ቆርቆሮውን አየ፣ ቀፎዎቹን አየ፣ ከቀፎዎቹ በታች ጎንበስ ብላ ቅጠል የምትገለብጠውን እቴቴንም አየ። "እርስዎ እንዳሉ ይሁን። እንግዲያው ያለ ዱቄት እንሞክራለን። በአመድ፣ በቅመም፣ በእጅ በመልቀም። ብቻ በየቀኑ መታየት አለበት" አለ።

"በየቀኑ?" አሉ አባባ።

"ትል ፋታ አይሰጥም ጌታዬ።"

እኔ ደስታዬን መያዝ አቃተኝ። የጦር አዛዥ መጣልን! ብስክሌት ያለው፣ ኮፍያ ያለው አዛዥ! ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱን ስጠብቅ አፌ ላይ ያለውን ቁራሽ እንኳ ሳልውጥ ወደ በር እሮጥ ነበር።

ከዚያማ ምኑ ቅጡ! ጧት ጤዛው ሳይረግፍ እቴቴና እኔ የተነፋ አመድ በጨርቅ ቋጥረን ከጎመን ጎመን እያራገፍን እንዞራለን። ጤዛው አመዱን ይዞ ያስቀረዋል፤ ትሉም አመድ የነካው ቅጠል ላይ ጥርሱን አያሳርፍም። ግሩም ነው! እጄ እስከ ክርኔ ነጭ፣ ቅንድቤ ነጭ፣ የአሰላ ብርድ ጣቴን ቆረጣጥሞታል፣ እኔ ግን እየዘፈንኩ ነው። አመዱ ያልደረሰበትን በእጃችን እንለቅማለን። አበጋዝ ቅጠሉን ገልብጦ ሚጢጢዎቹን ቢጫ እንቁላሎች ያሳየኛል፤ "ይቺን ዛሬ ካላፈረጥሻት ከነገ ወዲያ መንጋ ናት" ይለኛል። አፈርጣታለሁ! ትልልቆቹን አንድ የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ እንጨምራለን፤ ጣሳው ለዶሮ ይሰጣል።

ዶሮ ስል፣ ዶሮዎቹ የእትዬ ዘሀራ ናቸው። እትዬ ዘሀራ ጎረቤታችን ናቸው፤ ከስልጤ የመጡ፣ ከባላቸው ጋር ጨው፣ ላምባና ቅመም የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ከሱቃቸው እስከ ጅረቷ የሚሰማ ሴትዮ። አንድ ቀን "ምን አደከማችሁ! ዶሮዎቼን ልቀቁበትና ተቀመጡ" አሉ። ለቀቅን። ዶሮዎቹ ለካ ትሉን ከጨረሱ በኋላ አያቆሙም! ጎመኑን ይጠቀጥቁት ጀመር። እቴቴ ነጠላዋን እያወናጨፈች፣ አበጋዝ በኮፍያው እያባረረ፣ እኔ እየጮህኩ፣ እትዬ ዘሀራ አጥሩን ይዘው እየሳቁ። "ያ አላህ! ወላሂ እኔ ትል ብሉ ነው ያልኳቸው!" ይላሉ። በዚያ ሩጫ መሐል አበጋዝና እቴቴ ግንባር ለግንባር ተጋጩ። ውይ ሲያሳዝኑ፣ ተጎዱ ብዬ ደነገጥኩ። ሁለቱም ለረጅም ጊዜ ቀጥ ብለው ቀሩ።

ታላቁ መሣሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እትዬ ዘሀራ ለጥፋታቸው ካሣ ሚጥሚጣና ነጭ ሽንኩርት በቁና ይዘው መጡ። ተወቀጠ፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ አደረ፤ በሻሽ ተጠለለ፤ ትንሽ የእንዶድ አረፋ ተጨመረበት፣ ቅጠሉ ላይ እንዲጣበቅ። ለጎመኑ ቅማል ደግሞ በእንስራ ሰንብቶ የኮመጠጠ የላም ሽንት በብዙ ውሃ አቅጥነን አዘጋጀን። መርጫ የሚባል ነገር የለንም፤ ቅጠላም ቅርንጫፍ እየነከርን እንደ ቄስ ጠበል ግራና ቀኝ እንረጫለን። እኔ በሚጥሚጣው እጄ ዓይኔን አሸሁት። እናንተ! እሳት ገባብኝ! መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አበጋዝ እየሮጠ ጅረቷ ወስዶ ፊቴን አጠበኝ፤ እቴቴ በነጠላዋ አበሰችኝ፤ ሁለቱ እኔን መሐል አድርገው "እኔን፣ እኔን" ይላሉ። በሚያቃጥለው ዓይኔ አሻግሬ ሳይ እቴቴ እያየች ያለችው እኔን አልነበረም። እኔ ግን የቀሩትን ትሎች የምትቆጥር መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ግራ ገብቶኝ ነበር። አባባ ባሉበት እሱ "ወይዘሪት እታገኘሁ፣ ይሄን ቅጠል ይመልከቱት" ይላታል፤ እሷም "እሺ አቶ አበጋዝ፣ እርስዎ እንዳሉ" ትላለች። አባባ ወደ ቤት ሲገቡ ግን ከሽንኩርቱ መደብ ወዲያ ቀስ ብለው "አንተ" እና "አንቺ" ሲባባሉ እሰማለሁ። በእኛ ቤት አንቱታ የሚቀረው ሰው ሲጣላ ነው። እሷ ቶሎ ቶሎ ታወራለች፣ እሱ መሬቱን በጫማው ይቧጭራል።

"እስከ መቼ ነው ታዲያ? አባቴ ቸኩለዋል" ስትለው ሰማሁ።

"እናቴ የሚኖሩት ጮሌ አገር ነው። ቢያመኝም ቢጨንቀኝም ያለ እሳቸው ሽማግሌ አልልክም። መንገዱ ይድረቅ እንጂ እሄዳለሁ።"

"መንገዱ ሲደርቅ ጎመኑም ይደርሳል!"

ተጣልተዋል፣ ስለ ጎመኑ ነው የሚከራከሩት ብዬ አዘንኩ። አዛዥና ወታደር ከተጣሉ ጦርነቱ እንዴት ይሆናል? እሱ ሲመጣ እየዘለልኩ እጁን ይዤ ወደ እቴቴ እጎትተው ነበር፣ እንዲታረቁልኝ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል አንድ ጧት ከእንቅልፌ ስነቃ ጀርባዋ የለም። ተነሥቼ ወጣሁ። ጉም ጓሮውን ሸፍኖታል፣ ጭላሎም አይታይም። እቴቴ በጉሙ መሐል ጎመኑ አጠገብ ተቀምጣለች። የትሉን ጣሳ ይዛለች። ልትለቅም ነው ብዬ ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እጇን አየሁት። ከጣሳው አንድ ትል በሁለት ጣቷ ታነሣለች፣ ቅጠሉን ትገልጣለች፣ ትሉን ታስቀምጠዋለች። ሌላ ታነሣለች። ሌላ ጎመን። ደግሞ ሌላ። ቀስ አድርጋ፣ ችግኝ እንደምትተክል!

ከአጥሩ ጥግ ቁጢጥ ብዬ ቀረሁ። ለዶሮ የሚሰጠውን ትል ነው እኮ ስትደብቀው የከረመችው! ጎመን የሚያስበላ ሰው ምን ይፈልጋል? ጎመኑ እንዲያልቅ። ጎመኑ ሲያልቅ ምን ይሆናል? ዲክሲስ። እቴቴ ዲክሲስ መሄድ ፈልጋለች! እኔን ትታ! እንባዬ በአመድ በተለሰነ ጉንጬ ላይ ወረደ። ያን ቀን ቁርስ ብታጎርሰኝ አፌን ገጠምኩባት። "ምን ሆንሽብኝ ብርቄዬ?" ብትለኝም አልመለስኩላትም።

ምስኪን እቴቴ። የጎመን ትል ባይኖር ወጣት ወንድ የአንድ ጨዋ ሰው ግቢ በየቀኑ የሚገባበት ምን ምክንያት ነበር? ትል ካለ አበጋዝ ይመጣል፤ ትል ካለ ጎመኑ ይዘገያል፤ ጎመኑ ሲዘገይ ዲክሲስ ይዘገያል። ያን ጧት ጉም ውስጥ ያስቀመጠችው ትል ሁሉ አንድ ቀን የምትገዛበት ነበር። ይሄን ያጫወተችኝ እኔ ራሴ ልጅ ወልጄ ከታረስኩ በኋላ ነው፣ እንባ በእንባ እስክንሆን ስቀን።

ያኔ ግን እልህ ያዘኝ! ለማንም አልተናገርኩም፤ እቴቴን ማሳጣት አይሆንልኝም። ብቻዬን ልዋጋ ወሰንኩ። እሷ ጧት ታስቀምጣለች፣ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እኔ እለቅማለሁ። እሷ ከላይኛው መደብ ትጀምራለች፣ እኔ ከሥር ከሥሯ እከተላለሁ። ለቅሜ በአጥሩ አሻግሬ ለእትዬ ዘሀራ ዶሮዎች እወረውራለሁ። አመድ እነሰንሳለሁ፣ የሚጥሚጣውን ውሃ እረጫለሁ፣ ከሥር ቆርጦ የሚጥለውን ወፍራም ትል አፈሩን በጣቴ ምሼ አወጣዋለሁ። ጥፍሬ ጠቆረ። እንዲያ ሆኜ በደስታ እሰክር ነበር፤ ማሸነፍ ምን እንደሚመስል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እቴቴ ጎመኖቹን እያየች "ይሄን ትል ምን ይበላዋል?" እያለች ለብቻዋ ስታጉረመርም እሰማለሁ። እትዬ ዘሀራ ዶሮዎቻቸው ከመጠን በላይ የሰቡበት ምክንያት አልገባቸውም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ ጎመኑ ጥብቅ፣ ጥቅልል፣ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ክብ ብሎ ቁጭ አለ። አበጋዝ መጣ። አንድ ቅጠል ገለበጠ፣ ምንም የለም። ሌላ ገለበጠ፣ ምንም። ተንበርክኮ መደቡን ሁሉ ዞረ። እኔ ከኋላው እየዘለልኩ "አይኖርም! አይኖርም!" እላለሁ። ቀና ሲል ፊቱ ሰው የሞተበት ይመስል ነበር።

"ጎበዝ ብርቄ" አለኝ።

አባባ ደረሱ፣ ጎመኑን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉ። "እግዜር ይስጥህ ልጄ። ንቤም ተረፈ፣ ጎመኑም ዳነ። እንግዲህ አናደክምህም" አሉት። አበጋዝ እጅ ነሥቶ ብስክሌቱን እየገፋ ወጣ። እቴቴ ኩሽና ገብታ በሩን ዘጋች። ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት። ዲክሲስ ስለቀረባት ነው ብዬ ተናደድኩባት። "ታልቅስ! የትም አትሄድም!" አልኩ ለራሴ።

በዚያው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን በራችን ላይ ሽማግሌዎች ቆሙ። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ በፊታቸው ባለጸጋው ለልጁ የላካቸው የዲክሲሱ ሽማግሌ አቶ ሣህሌ። አቶ ሣህሌን አገር ያከብራቸዋል፤ አባባን ከወንድማቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ሳለ ያስታረቋቸው እሳቸው ናቸው። አባባ "ግቡ፣ ተቀመጡ" ቢሉ "የመጣንበትን ሳንናገር አንቀመጥም" ብለው ቆመው ቀሩ። እኔ በጓዳው መጋረጃ ሥር ነኝ። እቴቴ ከኋላዬ ግድግዳውን ተደግፋለች።

"ጎመኑ ሲደርስ ኑ ብለውን ነበር" አሉ አቶ ሣህሌ። "ደርሷል ሲባል ሰማን። መጣን።"

አባባ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ በድንገት "ብርቄ!" ብለው ተጣሩ። ከመጋረጃው ሥር እንደ ጥይት ወጣሁ።

"ይቺ የሟች ልጄ ልጅ ናት። ጓሮውን የምታውቀው እሷ ናት። እስቲ ለጋሽ ሣህሌ ንገሪያቸው፤ ጎመኑ እንዴት ሰነበተ?"

"ድኗል! አንድ ትል የለም! ይምጡና ይዩት!"

"ማን አዳነው?"

"ጋሼ አበጋዝ ነዋ! በየቀኑ እየመጣ።"

"በየቀኑ?" አሉ አባባ፣ ሰምተው እንደማያውቁ ሁሉ። በየቀኑ ሰላም ሲሉት ኖረው! "ታዲያ በየቀኑ እየመጣ ጎመኑ ለመዳን ለምን ይሄን ያህል ቆየ?"

ወደ መጋረጃው ዞርኩ። መጋረጃው ይንቀጠቀጣል። ግን እነዚህ ሰዎች ጎመኑ መዳኑን ካላመኑ እቴቴን ይዘዋት ይሄዳሉ! ፈነዳሁ።

"እቴቴ ናታ! ጧት ጧት ትሉን ከጣሳ እያወጣች መልሳ ጎመኑ ላይ ታስቀምጠዋለች! እኔ ነኝ ለቅሜ የጨረስኩት!"

ጓዳ ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አቶ ሣህሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

"ለምን ይመስልሻል የኔ ልጅ?"

"ዲክሲስ መሄድ ፈልጋ ነዋ! ጎመኑ ካለቀ ዲክሲስ ትሄዳለች ተብሎ የለ?"

"እህ። ትሉ ሲያልቅ ያ ሰውዬ መምጣቱን ተወ?"

"አዎ።"

"እሷስ ያን ጊዜ ምን ሆነች?"

"ይኸው እስከ ዛሬ ታለቅሳለች!"

ከዚያ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። አቶ ሣህሌ ቀና ብለው አባባን አዩዋቸው፤ አባባ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ያኔ ንግግሬ ሽማግሌዎቹን ያሸነፋቸው መሰለኝ፤ በራሴ ኮራሁ። ዛሬ ግን አውቃለሁ። አባባ ለንቦቻቸው ሲሉ ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሡት። ያን ጉም፣ ያን ጣሳ፣ ያን የእቴቴን እጅ ከእኔ በፊት አይተውታል። ባለውለታ የሆነን ሽማግሌ በባዶ አፍ እምቢ ማለት ነውር ነው፤ "ልጄ ሌላ ወዳለች" ብሎ መናገር ደግሞ ለአባት ከነውርም በላይ ነው። ስለዚህ ልጅ ጠሩ። ልጅ አፏን አትይዝም፣ ልጅን የሚቀየም የለም።

"አቶ ወልደ ጊዮርጊስ" አሉ አቶ ሣህሌ ቀስ ብለው፣ "መልሳችንን ሰምተናል። እርስዎ አልከለከሉንም፤ እኛም አላፈርንም።"

"እንግዲያው ተቀመጡ። ጦም ቢሆንም ማዕድ አለ። ያንኑ ጎመን ትቀምሳላችሁ።"

ተቀመጡ! አባባ ግንባራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ረጥቧል።

"ሂጂ፣ ያን ሰውዬ ጥሪልኝ። አሁኑኑ።"

"ምን ልበለው አባባ?"

"ትል አለ በይው።"

ክው አልኩ። "አባባ! የለም እኮ! ጨርሼዋለሁ!"

"አለ በይው አልኩሽ! ሩጪ!"

ሮጥኩ። ውሸት ሲያስወሩኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ጋሪ ሊድጠኝ ምንም አልቀረው። አበጋዝ ከተከራየው ቤት በር ላይ ተቀምጦ የብስክሌቱን ሰንሰለት ዘይት ይቀባል፤ ጢሙን አልተላጨም። አለከለክሁ።

"ጋሼ አበጋዝ፣ ትል የለም! አንድም የለም! አባባ ግን አለ በይው ብለውኛል። የዲክሲስ ሽማግሌዎች ደግሞ ጎመን እየበሉ ነው፣ እቴቴንም አይወስዷትም!"

ዘይቱን ጣለው። አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ምን እንዳለ አልሰማሁትም። እኔን ከመሬት አንሥቶ ወደ ላይ ወረወረኝ፣ ቀለበኝ፣ መሬት አኖረኝና ብስክሌቱንም ኮፍያውንም ትቶ ቁልቁል ወደ እኛ ቤት መሮጥ ጀመረ። ሸሚዙ በዘይት ተለውሷል፣ አንዱ ጫማው አልታሰረም።

እኔም ተከተልኩት፣ የቻልኩትን ያህል እየጮህኩ። "ጋሼ አበጋዝ! እውነቴን እኮ ነው! ምንም የለም! በከንቱ ነው የሚሮጡት!"